ለእኔ የቀረው ነብር

እናቴን የነጠቀኝ ሰው ፉጨት ይባል ነበር። ወላጆቹ ያወጡለትን ስም የሚያውቅ አልነበረም። አፉ በምግብ ካልተያዘ በቀር ሲያፏጭ ይውላል፤ ስለዚህ ፉጨት ተባለ፣ አለቀ። እኔ ልጅ ስለሆንኩ "ጋሼ ፉጨት" እንድለው ታዝዤአለሁ። እላለሁም። "ጋሼ" የምትለዋን ግን ጥርሴን ነክሼ ነበር የማወጣት።

እናቴ የምትሠራው ከከተማው ዳር ባለው የዱር እንስሳት ጥበቃ ጣቢያ ነበር። ጫካ ውስጥ አጋዘን ወይም ጎሽ ወይም ሌላ ትልቅ እንስሳ ሞቶ ሲገኝ፣ ሄዳ አይታ ማን እንደገደለው የምትናገረው እሷ ናት። አንበሳ ነው? ጅብ ነው? ተኩላ ነው? ወይስ ወጥመድ የዘረጋ ሰው? ሰው ከሆነ ጠባቂዎቹ ሰውየውን ፍለጋ ይወጣሉ፤ አውሬ ከሆነ ጫካው የራሱን ሥራ ሠራ ተብሎ ይተዋል። ሰፈሩ ግን ይህን ሁሉ ትቶ "ጥንብ አንሳ" ይላት ነበር። የትምህርት ቤት ልጆች "የጥንብ አንሳ ልጅ" ሲሉኝ ሌላዋ ብትሆን ታለቅስ ነበር። እኔ ደረቴን ነፍቼ ነበር የማልፈው። የእነሱ እናቶች ምን ያውቃሉ? ሽንኩርት ሲላጥ ያውቃሉ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። የቤታችን የፊት ክፍል ሱቁ ነው፤ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ወለሉ ላይ ተጠርጎ የማያልቅ ቁርጥራጭ ጨርቅና ክር። ቀጭን ስለነበርኩ "መርፌ" ብሎ ይጠራኛል። እሱና እናቴ በተጋቡ ሰሞን አንድ አሮጌ ሜትሩን ሰጥቷት ነበር። አውሬ ሲነክስ ሁለቱ ክራንቻዎቹ ቆዳው ላይ ሁለት ቀዳዳ ይተዋሉ፤ የቀዳዳዎቹ መራራቅ ደግሞ እንደየአውሬው ይለያያል። አባቴ ይህን ከእሷ ሲሰማ ሜትሩን መልሶ ተቀበላትና በየልኩ ላይ ባለቀለም ክር ወጋ ወጋ አድርጎ አመጣላት። ቀይ ለአንበሳ፣ ጥቁር ለጅብ፣ ቢጫ ለነብር። "ሌላው ባል ለሚስቱ ወርቅ ይገዛል፤ እኔ የአንበሳ ጥርስ ለካሁላት" እያለ ደንበኞቹን ያስቅ ነበር። እንዲህ ይል የነበረው ፉጨት ከመምጣቱ በፊት ነው።

እናቴ ከጫካ ስትመለስ እጇን በሳሙና ደጋግማ ትታጠባለች። ሽታው ግን ጨርሶ አይለቅም፤ የሣር፣ የብረትና የከረመ ሥጋ ሽታ ነው። እኔ እወደው ነበር። እራት እስኪደርስ እግሯን ዘርግታ ትቀመጥና "ማን ገደለው?" እንጫወታለን።

"አጥንቱ ተሰባብሯል" ትላለች። "ሥጋው እዚህም እዚያም ተበታትኗል። ሣሩ በደም ርሷል። ማን ገደለው?"

"ጅብ!"

"ቸኮልሽ። ጅብ በላው እንጂ ገደለው ማን አለሽ? አንገቱን ሳታዪ አትፍረጂ።"

ጥንቡ ላይ የተገኘ ሁሉ ገዳይ አይደለም። ጅብ ሌላው የገደለውን ቀምቶ ይበላል፤ ከዚያ ስሙ በከንቱ ይጠፋል። ስለዚህ የአንገቱ ቆዳ መገፈፍ አለበት። በሕይወት ሳለ የተነከሰ እንስሳ ከቆዳው ሥር ደም ይቋጥራል፤ ከሞተ በኋላ የተነከሰ ግን ውስጡ ንጹሕ ነው። "ሙት አይበልዝም" ትለኝና ጣቷን ጉሮሮዬ ሥር ከትታ ትኮረኩረኛለች።

አንበሳን ጨረስን። ጅብን ጨረስን። ተኩላንም ጨረስን። ነብር ቀረ። "ነብርስ?" ስላት፣ "ነብር ከባድ ነው። በወሬ አይማሩትም፤ አብረን ወጥተን ነው የማሳይሽ" አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነብር የእኔ ነበር። ሌላው ሁሉ የሰው ይሁን፤ ነብሩን ግን ለእኔ ብላ ያስቀመጠችልኝ ነው።

ታዲያ የድሮው ሾፌር ጡረታ ወጣና ፉጨት መጣ።

በመጀመሪያ የመጣው ሳቅ ነው። ጂፑ መንደሩ ጫፍ ሲደርስ የሞተሩን ድምፅ ቀድሞ ሳቃቸው ይሰማ ነበር። በራችን ላይ ቆመውም ቶሎ አይለያዩም፤ እሷ ወርዳ በሩን እንደያዘች፣ እሱ መሪውን እንደያዘ ያወራሉ። ቤት ስትገባ ግን ሳቁ አብሯት አይገባም። "እማዬ፣ ማን ገደለው እንጫወት?" ስላት፣ "ዛሬ ደክሞኛል የኔ እናት" ትለኛለች። ነገም ደክሟታል። ከነገ ወዲያም።

አንድ ቀን ጂፑ በራችን ላይ ሲቆም ከመስኮቱ ሥር ተቀምጬ ለእሷና ለፉጨት ጆሮዬን አቆምኩ።

"እትዬ፣ እስቲ አንዴ ደግሞ ጠይቂኝ" አላት።

"ጀርባው ተበልቷል። ፊቱ ደህና ነው። አጥንቱ አልተነካም። ማን ገደለው?"

ጨዋታዬ ነው! የእኔ ጨዋታ! ደግሞ ተሳስቶ መለሰ፤ እኔ ብሆን በእንቅልፍ ልቤ የማልስተውን። እሷ ግን አልሳቀችበትም፤ ቀስ ብላ አስረዳችው። በቅናት እርር ድብን አልኩ። ማታ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። ምን ሆንሽ ስትለኝም ምንም አልኩ።

አባቴም ምንም አልሆንኩም ይል ነበር። ፊት ለፊታችን ያለችው ባለሱቅ ሴትዮ ቀሚስ ልታሳጥር በመጣች ቁጥር ግን የስፌት መኪናው ይቆማል።

"ሚስትህ ጫካው ተስማምቷታል" አለችው አንድ ቀን።

"ሥራ ነው።"

"እሱማ ሥራ ነው። ሥራ ሁሉ ግን በፉጨት አይሠራም።"

እኔ ጠረጴዛው ሥር ቁልፍ እየለቀምኩ ነበር። ሴትየዋ በሥራ ሰዓት ማፏጨት ነውር ነው ማለቷ መሰለኝ፤ በሆዴ እውነቷን ነው አልኩ። አባቴ "ዝም አይነቅዝም" ብሎ ቀሚሷን ጠቀለለላት። ከሄደች በኋላ ግን መኪናውን እየረገጠ ብዙ ክር በጠሰ።

ከዚያ ወዲያ እኔና አባቴ ወዳጅ ሆንን። "መርፌዬ፣ ዛሬ ምን ብለው ሳቁ?" ይለኛል። እነግረዋለሁ። "ማን ቀድሞ ሳቀ?" ይለኛል። እሱንም እነግረዋለሁ። የሚቀናልኝ ሰው በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ አባቴ የሚቀናው እንደ ባል ነው፤ እኔ የምቀናው እንደ ወራሽ። ያኔ ግን አንድ ዓይነት ሕመም መስሎኝ ከእሱ ጎን ተሰለፍኩ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ደጃፍ ላይ ክር ስጠቀልል፣ ከውስጥ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

"ሰው አፍ ውስጥ ገባን" አለ አባቴ። "ተዪው ይህን ጫካ።"

"ማን ይሥራው?"

"ማንም።"

"ማንም አይችለውም። ጊዜ ስጠኝ።"

"ስንት ጊዜ ነው የምሰጥሽ?"

"ትንሽ። ሳይጨርስ አልተውም።"

ይህን ስሰማ ክሩ ከእጄ ወደቀ። በእኔ ስሌት እናቴ እኛንና ፉጨትን እያማረጠች ነው፤ ለመምረጥም ጊዜ እየለመነች ነው። ምኑን እንደሚጨርስ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ስጠይቅ እውነት እንዳይሆን ፈራሁ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሰሞን፣ እናቴ በጠዋቱ ጫማዋን እያሰረች "ዛሬ እሷን ይዤ እወጣለሁ" አለች።

አባቴ በአፉ የያዘውን ክር በጥርሱ በጠሰ። ተንበርክኮ የቀሚሴን አንገት ሲቆልፍልኝ ጆሮዬ ሥር "ዓይንሽን ክፈቺ። ያየሽውን ይዘሽልኝ ነይ" አለኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። የወጣሁት የአባቴ ሰላይ ሆኜ ነው።

ጋቢና ውስጥ መሃላቸው ተቀመጥኩ፤ ክርኔንም በሁለቱም በኩል አሰፋሁ። ፉጨት ብስኩት ሰጠኝ። ምራቄን እየዋጥኩ "አልፈልግም" አልኩት። መንገዱ አቧራ ነው። የመኪናው ወለል ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፤ እናቴ እንደ ሌላው ጊዜ አታወራም፤ በመስኮቱ የሚያልፈውን ዛፍ ሁሉ አንድ በአንድ ታያለች።

"ጥንብ አንሶቹ ምን እያደረጉ ነው?" አለች በድንገት።

ሰማዩን አየሁ። ይህን አውቀዋለሁ! እየዞሩ ከሆነ ገና እየፈለጉ ነው፤ መሬት ከወረዱ አውሬው ሄዷል። አፌን ስከፍት ፉጨት ቀደመኝ።

"ዛፍ ላይ ተቀምጠዋል እትዬ።"

"ምን ማለት ነው?"

"በላተኛው ገና አልተነሳም ማለት ነው።"

"ጎበዝ" አለችው። ያቺ "ጎበዝ" የእኔ ነበረች። ፉጨትን የጎሪጥ አየሁት፤ እሱ ደግሞ፣ እንዳልበደለ ሰው፣ ጠቀሰኝ።

ስንደርስ በላተኞቹ ጅቦች ነበሩ። ፉጨት የመኪናውን ጥሩምባ ሲነፋ ወገባቸውን ሰብረው፣ ወደኋላ እያዩ፣ ሳይወዱ በግድ ሄዱ። ሴት አጋዘን ናት። የኋላ እግሮቿ የሉም፤ ጎኗ ተከፍቷል። አንገቷና ፊቷ ግን ምንም አልሆኑም። ዓይኗ ተከፍቶ ዝንብ ይራመድበታል። አብሮን የመጣ ሌላ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ይኸው ጅብ ብሎ ጉዳዩን ይዘጋው ነበር።

እናቴ ጓንቷን አጠለቀች። ካራዋን አወጣች። ከዚያ ከደረት ኪሷ የአባቴን ሜትር አውጥታ ለፉጨት ሰጠችው። "ሜትሩን አንተ ያዝ" አለችው። ያ ቢጫው ክር፣ አባቴ መነጽሩን አድርጎ የሰፋው ክር፣ በፉጨት ጣቶች መሃል ሲንጠለጠል አየሁት። ደሜ ወደ ራሴ ወጣ።

"ነይ" አለችኝ እናቴ።

አልተነቃነቅኩም።

"ነይ እንጂ የኔ እናት። ዛሬ እኮ ነው።"

"ይሸታል" አልኳት።

እጇን ቀና እንዳደረገች ቀረች። እኔ ይሸታል ብዬ አላውቅም። ትልቁም ትንሹም አፍንጫውን ሲይዝባት፣ አንድም ቀን ያልያዝኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። "ይሸታል?" አለችኝ፣ በደንብ ያልሰማች ይመስል። "አዎ፣ ይሸታል" አልኩና ጀርባዬን ሰጥቻት ሄድኩ።

ራቅ ካለ ቁጥቋጦ ሥር ሆኜ አየኋቸው። እናቴ ጥቂት ቆየችና የፉጨትን እጅ ያዘች። ይዛም የአጋዘኗ አንገት ላይ፣ የተገፈፈው ቆዳ ሥር፣ ከተተችው። እጇ በእጁ ላይ ነው።

"እዚህ ጋ። ተሰማህ?" ስትል ነፋሱ አመጣልኝ። "በቀስታ። ከውጪ ሲያዩት ምንም የለም። ውስጡን ነው። ደም አያፈስም፤ ትንፋሽ ነው የሚወስደው።" ከዚያ ሜትሩን ዘረጋና፣ እሷ ክሩን አይታ፣ "ነብር" አለች።

ነብሬን ሰጠችው።

መሬት ላይ ዝርፍጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ከሥሬ ያለው ነገር እንደ አባቴ የወለል ቁርጥራጭ ለስለስ ይላል፤ አላየሁትም፤ አላስተዋልኩትም፤ ሁለት እጄን ሞልቼ እያፈስኩ ለነፋሱ በተንኩት። ፊቴ ላይ፣ እንባዬ ላይ ተለጠፈ። ቀሚሴ ላይ ሰፈረ። አልቅሼ ሲወጣልኝ ቀና አልኩ። እነሱ ጎንበስ ብለው፣ ጎን ለጎን፣ ከአጋዘኗ ወዲያ ባለው ወንዝ በኩል እየተንሸራሸሩ ነው። አንዴ ይራራቃሉ፣ አንዴ ይገናኛሉ፤ እሱ አንድ ነገር ያሳያታል፣ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። ሰው በሥራ ሰዓት እንዲህ ይንሸራሸራል? ይህንንም ለአባቴ ይዤለት ልሄድ በልቤ አስቀመጥኩት።

ጥሩምባው ሲጠራኝ ሄጄ ከኋላ፣ ከጭነቱ ጋር ወጣሁ። ጋቢና አልገባም አልኩ። እናቴም አላስገደደችኝም። መኪናው ሲሄድ በኋላው መስታወት እናቴን አየኋት፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ፉጨት አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ መሐረብ አቀበላት። በሳቅ እየፈረሰች ነው ብዬ አሰብኩ። ያን ቀን ፉጨት መንገዱን ሙሉ አንድም ጊዜ አለማፏጨቱን ያስተዋልኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ገባን። እናቴ ልትታጠብ ወደ ጓሮ ስትሄድ አባቴ ጠረጴዛው ላይ አቆመኝና በልብስ ብሩሹ ቀሚሴን ያራግፍ ጀመር። "ምን ዓይነት ፀጉር ነው ይሄ?" አለ። "እኔ እንጃ" አልኩ። አራግፎ፣ ከቁርጥራጩ ጋር ጠርጎ፣ ወደ ውጪ ጣለው። ከዚያ ድምፁን ቀነሰ።

"ምን አየሽ?"

ብዙ ነገር ነበረኝ። ሽርሽሩ ነበረ፣ መሐረቡ ነበረ፣ እጅ በእጅ ላይ ነበረ። ከአፌ የወጣው ግን ይኸው ብቻ ነው።

"ሜትርህን እሱ ነው የያዘው።"

አባቴ ብሩሹን አስቀመጠ። ሌላ አልጠየቀኝም።

እናቴ ታጥባ፣ ፀጉሯን አስራ፣ እራት ላይ ተቀመጠች። ዳቦውን ቆርሳ ለሁላችንም አደለችን። ፊቷ የሚያበራ ይመስል ነበር፤ ዓይኗ ግን አብጧል።

"ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ ቢሮ ነኝ" አለች። "ስቶር ክፍል። ጫካ መውጣት ቀረ።"

እንደ ስጦታ ነበር ያቀረበችው። አባቴ ጉርሻውን ይዞ ቆየ።

"ምነው?" አላት። "ታወቀባችሁ?"

እናቴ አባቴን አየችው። ቀጥላ እኔን አየችኝ፤ ረዘም አድርጋ።

"አንገቱን ሳታይ አትፍረድ" አለች። ተነስታም የታጠበውን እጇን እንደገና ልትታጠብ ወጣች። ይህ የጨዋታችን ቃል መሆኑን አውቄዋለሁ። በዚህ ሰዓት ምን አስታወሳት ብዬ ብቻ ገረመኝ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዓመት በሕይወቴ እጅግ ደስ ያለኝ ዓመት ነበር፤ ልዋሽ አልችልም። እናቴ በሰዓቱ ወጥታ በሰዓቱ ትመለሳለች። ስቶር ውስጥ ቡትስና ብርድ ልብስ ታድላለች። ሳሙና ሳሙና ትሸታለች። አባቴ ለቢሮ የሚሆኑ ቀሚሶች ሰፋላት፣ አንገታቸው እስከ ላይ የሚቆለፍ፤ ደህና አድርጎ ነበር የሰፋቸው። እሷ ቤት እንደገባች የላይኛውን ቁልፍ ትፈታና መስኮቱን ትከፍታለች። "አየር የለም እዚህ ቤት" ትላለች። አባቴ አቧራው ጨርቁን ያበላሻል ብሎ ይዘጋዋል። ተነስታ ትከፍታለች፤ ተነስቶ ይዘጋል። አልተጣሉም፤ ድምፅ ከፍ ሲል እንኳ አልሰማሁም። ደንበኞች "እንዲህ ነው ትዳር" ይሉ ነበር። እያደር እሷ መክፈቱን ተወችው፤ ከተዘጋው መስኮት አጠገብ ወንበር አስቀምጣ በመስታወቱ ወደ ውጪ ማየት ጀመረች።

"ማን ገደለው?"ንም መለሰችልኝ። ስትጠይቀኝ ግን የሸመደደችውን እንደምትደግም ተማሪ ነበር የምመልስላት፤ አንበሳ፣ ጅብ፣ ተኩላ። "ነብርስ?" ስላት "ነብር ቀረ" ትለኛለች። እኔም፣ ፉጨት ወስዶት የለ፣ በልቤ ብዬ ክሬን እጠቀልላለሁ።

አባቴ ቀድሞ ሞተ። የስፌት መኪናውን እኔ ወረስኩ፤ እስከ ዛሬም የምበላው ከእሱ ነው። እናቴ ደግሞ ባለፈው ክረምት፣ እዚያው ወንበሯ ላይ፣ ሰው ሳታስቸግር አረፈች። ከቀብሯ በኋላ ሰው ሁሉ መጥቶ ሲሄድ፣ አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ። የፊት ጥርሳቸው የለም። ከንፈራቸውን ሲያሾሉ ነው ያወቅኳቸው።

"ጋሼ ፉጨት" አልኳቸው። ይህን ያህል ዘመን አልፎም ጥርሴን ነክሼ ነበር ያልኩት።

"አሁንማ ማን ያፏጫል?" አሉና ሳቁ። "ጥርሱም አለቀ፣ ነፋሱም አለቀ።" እስከ ጡረታቸው ድረስ የእናቴን ሥራ የሠሩት እሳቸው ናቸው። ስማቸው ትልቅ ሆኗል፤ ከሌላ ቦታ ሁሉ እየተጠሩ ገዳዩን ይናገሩ እንደነበር ሰምቻለሁ። በሰማሁ ቁጥርም የስፌት መኪናዬን አጥብቄ እረግጥ ነበር።

ከኪሳቸው የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። የአባቴ ሜትር ነው። ቁጥሩ ጠፍቷል፤ ቀዩ ክር ነጭቷል፤ ቢጫው ግን አለ።

"የአንቺ ነው" አሉኝ። "እኔ ጋ በአደራ ነበር የቆየው።"

"የእርስዎ ነው። ለእርስዎ ነው የሰጠችዎት። አይቻለሁ።"

"ምኑን ነው ያየሽው?"

"ሜትሩን ስትሰጥዎት። እጅዎን ይዛ ነብርን ስታሳይዎት።"

ሽማግሌው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"አንቺ ልጅ" አሉ፣ "ያን ቀን ጋራዥ ስደርስ ምን አለችኝ መሰለሽ? 'ዛሬ የመጨረሻዬ ነው። ለአንተ የማስተምርህን ጨርሻለሁ። ነብር የልጄ ነው። አንተ ሜትሩን ያዝልኝ፤ እኔ የእሷን እጅ የምይዝበት እጅ እፈልጋለሁ' አለችኝ።"

የስፌት መኪናውን እየረገጥኩ አልነበረም፤ ግን የሆነ ነገር የቆመ መሰለኝ።

"እኔን ያስተማረችኝ ጫካውን ለእኔ ትታ እናንተ ጋ ቤት እንድትገባ ብላ ነው" አሉ። "አባትሽ የሰው ወሬ አልቻለም። ሥራውን ለማያውቅ ሰው ጥላ ልትሄድ ደግሞ ሕሊናዋ እሺ አላላትም፤ ባልሠራው ሰው ሲታሰር፣ ጅቡ ሁሉ በመርዝ ሲፈጅ ይታያታል። 'ቶሎ ተማር፣ ቤቴ እየተቃጠለ ነው' እያለች ነበር መንገድ ለመንገድ የምትጠይቀኝ። እኔ ድንጋይ ራስ ነበርኩ፤ ስስት ትስቃለች። ከዚያ አንቺ ይሸታል አልሽ። ምን ታድርግ? የኔን እጅ ያዘች። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አለቀሰች።"

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ። እኔም የማይረባ ነገር ጠየቅኩ።

"በወንዙ በኩል ምን ነበር የምትንሸራሸሩት?"

"ሽርሽር?" ዓይናቸውን አጠበቡ። "የተነጨ ፀጉር ፍለጋ ነው እንጂ። ነብር ከመብላቱ በፊት የገደለውን እንስሳ ፀጉር ነጭቶ ክምር አድርጎ ይተወዋል። ያን ካገኘሽ ክርክር የለም፤ ጅብ አይነጭም። ጅቦቹ እየጎተቱ ዱካውን አጥፍተውት ስለነበር በወንዙ በኩል ገምተን ሄድን፣ አጣነው። 'ዛሬ ሁሉም ነገር ጎደሎ ነው' አለች። እኔ ከዚያ በኋላ ነብር የነጨውን ስንት የፀጉር ክምር አገኘሁ፤ ያኛው ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።"

እጄ ቀሚሴን ሲያራግፍ አገኘሁት።

"ፀጉሩ ግራጫ ነው?" አልኩ። "አጭር፣ ሻካራ... ሲከመር ግን ለስለስ የሚል?"

"የአጋዘን ፀጉር አዎ።"

"ቁጥቋጦ ሥር፣ ጥላው ውስጥ?"

"ነብር ጥላ ይወዳል። ምነው?"

"ተቀምጬበት ነበር" አልኳቸው። "እሷን እያየሁ ተቀምጬበት ነበር። አባቴ ከቀሚሴ ላይ በብሩሽ አራገፈው።"

ሽማግሌው አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። ከዚያ ፊታቸው ቀስ እያለ እንደ ልጅ ፊት ተፈታ። ከእኔ ዞር አሉና፣ መስኮቱ አጠገብ ወዳለው ባዶ ወንበር፣ እዚያ እንደተቀመጠች ሁሉ፣ "እትዬ" አሉ። "እትዬ፣ ሰማሽ? ልጅሽ አግኝታዋለች።"

እንዴት ቀለል አድርገው እንደሚያናግሯት! ዘመናቸውን ሁሉ፣ በየጫካው፣ በየጥንቡ ላይ ሲያናግሯት እንደኖሩ አስታወቀኝ። እኔ ከተቀበረች ጀምሮ አንድ ቃል አላልኳትም። ደረቴ ውስጥ ያ የድሮው እሳት ቦግ አለ፤ ሜትሩን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ እጄ ላይ ጠቀለልኩት፤ ሄጄም በእሳቸውና በወንበሩ መሃል ቆምኩ።

እኔን ጠይቂኝ፣ አልኳት በልቤ። እሱን ተዪው። ማን ገደለው፣ በይኝ።